እትዬ ስንዱ ወደ ምሥራቅ ስትዞር

የእትዬ ስንዱን መርዶ መጀመሪያ የሰማሁት ከመሞቷ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር አብሮኝ የኖረ አንድ ልጅ ደውሎ «ሰማህ? እትዬ ስንዱ አረፈች» አለኝ። እንባዬን እየጠረግሁ፣ አጠገቧ ያለውን ሰው ላጽናና ብዬ ቁጥሯን ብመታ ራሷ አነሳችው።

«ሞተች አሉህ? እኔ? ምን ቸግሮኝ?» አለች። አተነፋፈሴን አዳመጠችና «ድምፅህ ታፍኗል። ብርድ መቶሃል። መስኮትህን ዝጋ» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ስለዚህ ዘንድሮ እውነተኛው መርዶ ሲመጣ አላመንኩም። አሁንም ደወልኩ። ያነሳችው ለምለም ነበረች፤ ዴም ውስጥ አብራኝ የተማረች፣ እትዬ ስንዱን እስከ መጨረሻው ያልተለየቻት ልጅ። ገና «ሃሎ» ስትል ገባኝ። ጎንደር፣ እህቷ ቤት፣ እንደተኛች በዚያው ቀረች። ለእሷስ የሚገባ አሟሟት ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታስተኛ የኖረች ሴት ናት። ከለምለም ጋር በስልክ ተላቀስን። ከዚያ አንዱን ጨዋታዋን ባነሳባት ለምለም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ብዙ ቆየን።

«እትዬ» እያልኩ በአንቺታ መጥራቴ የሚከነክነው አንባቢ ካለ ጥፋቱ የእሷ ነው። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስላት «አንቺ በለኝ፤ አንቱ ስባል ወገቤን ይይዘኛል» አለችኝ። በዚያው ቀረ።

ካርቱም የገባሁት ለማለፍ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የሀገሬ ልጆች ዓይኔ ወደ ሰሜን ነው፤ እስከዚያው የቀን ሥራ እሠራለሁ። አንድ ቀን ሲሚንቶ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ትከሻዬ ቀጭ አለና እጄ አልነሣ አለ። ጓደኛዬ ደግፎ ዴም ውስጥ ወዳለች አንዲት የኪራይ ክፍል አስገባኝ። የዚያን ክፍል ሙቀት አልረሳውም። ውጭው ምድጃ ነው፤ ውስጡ ደግሞ መስኮቱ ተከርችሟል፣ ማራገቢያው ጠፍቷል፣ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተጠቅጥቋል። አበባ ያለበት መጋረጃ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎታል፤ ወለሉ ላይ ፍራሾች ተነጥፈዋል። አጠር ደልደል ያለች፣ ክንዷ እንደ ዳቦ ጋጋሪ የፈረጠመ ሴትዮ ብቅ አለች። አውራ ጣቶቿ ወደ ኋላ ተቆልምመዋል።

«ተኛ» አለችኝ። ሸሚዜን ላወልቅ ስል እጄን መታችኝ። «ማን አውልቅ አለህ? እዚህ ከነልብስ ነው።» ወንድ የሚያሽላት ሰው ገና ስላልነበራት በራሷ እጅ ጀመረችኝ። አንሶላ አለበሰችኝና የእጇን ጀርባ ትከሻዬ ላይ ታንከባልለው ጀመር። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን ተከለች፤ ጩኸቴን ጎረቤት ሰማው። ጓደኛዬ ደንግጦ «አይዞህ! አይዞህ!» አለ። እትዬ ስንዱ ሥራዋን አቁማ ዞረችበት።

«ማነው እዚህ አይዞህ የሚለው? አይዞህ ካልከው የሚያስፈራ ነገር አለ ማለት ነው። ገላው ሰምቶ ይቆለፍብኛል። ውጣልኝ።»

በእኛ ሀገር የታመመ ሰው ላይ «እኔን» እና «አይዞህ» ሳይሉ እጅ ማሳረፍ እንዴት ይቻላል? ወጌሻው ራሱ አጥንት የሚያቀናው አይዞህ እያለ ነው። እሷ ዘንድ ግን ክልክል ነበር። ትከሻዬ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ስድን ደግሞ አልለቅህ አለችኝ። «እጅህ ሰፊ ነው፣ ልብህ ችኩል ነው። አንዱን እናርመዋለን» አለች። እውነቱን ለመናገር ወንድ ተማሪ ቸግሯት ነበር። ወገባቸውን የታመሙ ሹፌሮችና ግንበኞች በሯን ይመታሉ፤ እሷ ደግሞ ሴት ተማሪዎቿ ወንድ እንዲያሹ አትፈቅድም። «ማሳጅ» የሚለውን ቃልም ቤቷ ውስጥ የጠራ ሰው ይባረራል። ሀበሻ ሴቶችን ሰብስባ ማሳጅ ታስተምራለች ከተባለ ዴም ውስጥ ምን እንደሚወራ ታውቃለች። ስለዚህ ትምህርቱን «እጅ» ትለው ነበር። እኛም «የት ትሄዳለህ?» ስንባል «እጅ ልማር» እንላለን።

እሷ ራሷ እጅ የተማረችው አል-ማንሺያ በሚባል የካርቱም የሀብታም ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት በኖረችበት የአንድ ቻይናዊ መሐንዲስ ቤት ነው። ሱዳኖቹ «ባሽሙሃንዲስ» ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንበለው። እናቱ ከእሱ ጋር ሊቀመጡ ከሀገራቸው መጡ። አሮጊቷ ዕድሜያቸውን በዚህ ሙያ የጨረሱ ናቸው፤ ቻይናዎቹ ቱይና ይሉታል፣ መግፋትና መጨበጥ ማለት ነው። እትዬ ስንዱ ስማቸውን መጥራት ስላቃታት «እማማ» አለቻቸው። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አይሰሙም። ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ በብርድ።

«ልጁ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ይወጣል» ትለናለች እትዬ ስንዱ። «እማማ አንገቷን ይዛ ፊቷን ታጨማድዳለች። እኔ እሮጣለሁ፣ እሷም ትነሣለች፣ ማጥፊያው ላይ እንገናኛለን። ነፋስ ሰው ውስጥ እንደሚገባ የምታውቅ ሌላ ሰው ካርቱም ላይ አገኘሁ! ሱዳኖቹ ይስቁብናል። አንድ ቀን ደግሞ ከሻንጣዋ ብርጭቆዎች አውጥታ ጀርባ ላይ ስትለጥፍ አይቼ 'ዋግምት!' ብዬ ጮኽኩ። እሷም ምን እንዳልኩ ሳታውቅ ሳቀች።»

ከዕለታት አንድ ቀን እትዬ ስንዱ ልብስ ስታጥብ ወገቧን ይዛ ቀረች። አሮጊቷ አስተኝተው አሿት። በነጋታው እጇን ይዘው አንድ የሩዝ ከረጢት ላይ አስቀመጡት። ትምህርቱ ተጀመረ። ቃል የለም፤ አሮጊቷ ያደርጋሉ፣ እሷ ታደርጋለች፤ ከተሳሳተች አሮጊቷ «እ» ይላሉ፣ ካገኘችው ደግሞ ረዘም ያለ «እእእ»። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

አሮጊቷ ከሚያደርጉት ሁሉ እትዬ ስንዱ አጥብቃ የያዘችው አንዱን ነው። የጀርባው ሥራ ሲያልቅ፣ እግር ሳይጀመር፣ ሁለቱን እጆቻቸውን ከታካሚው ላይ ያነሣሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ ተመልሰው ይቀጥላሉ። ግድግዳው የምሥራቅ ግድግዳ ነበር። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጸጥ ያለ ሰው ከመጸለይ በቀር ምን ያደርጋል? «በየትኛው አምላክ እንደሆነ አልጠየቅሁም» ትላለች። «እኔም ከኋላዋ እዞርና አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። እኔ ስጨርስ እሷም ትጨርሳለች።»

አሮጊቷ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ከረጢቱን ለእሷ ትተውላት ሄዱ። ቤቱም ሠራተኛ አላስፈለገውም፤ እሷ ዴም ገብታ ክፍል ተከራየች።

የእኛ ትምህርት እንግዲህ የዚያ ግልባጭ ነው። ሩዙን በማሽላ ቀየርነው እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። ተማሪ ሰው ከመንካቱ በፊት ወራት ሙሉ የእጁን ጀርባ ከረጢቱ ላይ ያንከባልላል። «ማሽላው ሲያለቅስ ያን ጊዜ ንገረኝ» ትለኛለች። ማሽላው አንድም ቀን አላለቀሰም፤ እኔ ግን አልቅሻለሁ። ወደ ሰው ካለፍኩ በኋላ ደግሞ ያስተማረችኝ በጆሮዋ ነው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ወንድ አሻለሁ፣ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ሴት ታሻለች፤ ወደ እኔ ብቅ አትልም። ታካሚዬ «እ» ሲል ከማዶ ስሜን ጠርታ ትጮኻለች።

«ደጉ! ያ የጡንቻ 'እ' አይደለም፣ የአጥንት ነው። ወደ ታች ውረድ!»

እወርዳለሁ። ሰውየው «እእእ» ይላል።

«ተባረክ። እዚያው ቆይ። ቀስ በል፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

አንድ የሪክሻ ሹፌር «ሴትዮዋ በየት በኩል ነው የምታየኝ?» ብሎ መጋረጃው ላይ ቀዳዳ ሲፈልግ አይቻለሁ።

ከሕጎቿ ሁሉ የማይነካው ግን ያ መዞር ነው። ጀርባው ሲያልቅ እጅ ይነሣል፤ ወደ ምሥራቅ ይዞራል፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብ ይደገማል። የዞረ ሰው ወደ ኋላ ማየት ነውር ነው። ሱዳናውያን ታካሚዎቻችን ወደዱት፤ ቂብላቸው በዚያው ግድግዳ በኩል ስለሚያመዝን ለእነሱ ብለን ወደ መካ የዞርን መሰላቸው። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ማሻአላህ፣ ለእኔ ዱዓ አደረግህልኝ?» ሲሉኝ ግራ ገባኝና በአማርኛ ወደ ማዶ ጠየቅሁ።

«ዝም በል» አለችኝ። «እሳቸውም ይጸልዩ፣ አንተም ጸልይ። እግዚአብሔር ይለየው።»

ሴቶቹ የሚመጡት አርብ ነው። አል-ጣኢፍና አል-ማንሺያ ባሉ ትልልቅ ቤቶች ሠርተው እዚያው የሚያድሩ ናቸው። ለምለም አንድ ቀን ከረጢቷን እየገፋች እንዲህ አለች፤ «ሥራው አይደለም የከበደኝ። ማታ 'ደህና እደሩ' ብዬ ወጥቼ፣ የራሴ ቤት ገብቼ፣ በሬን ልዘጋ ነው ያማረኝ።» የሁሉም ምኞት ይኸው ነበር። የሚቀጥራቸው የሴቶች ሳሎን ከተገኘ ቀን ሠርተው ማታ በራሳቸው ክፍል ያድራሉ። እትዬ ስንዱ «አስገባችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብላ ቃል ሰጥታቸዋለች። ሳሎኖቹ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ሸሃዳ ነው፤ የምስክር ወረቀት። እሷ ያሏት ሁለት የተቆለመሙ አውራ ጣቶች ብቻ።

በዚህ መሐል ዳቦ ጠፋ። ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ ወገቡን ታመመ፤ ለእኛ ታካሚ በዛ። እኛም መራባችን አልቀረም። አንድ አርብ እትዬ ስንዱ የከረጢቱን ስፌት ፈታች፣ ማሽላውን አስፈጨች፣ ገንፎ አገነፋች። «ብሉ» አለች፤ «እንዲህ በደንብ የታሸ እህል የትም አታገኙም።» ለሳምንቱ አሸዋ ሞላንበት።

ከዳቦው ሰልፍ የአደባባዩ ሰልፍ ተወለደ። ዴም ውስጥ ጎማ ይነዳል፣ ወጣቱ ይዘምራል፣ ይሮጣል። «እኛ እንግዶች ነን፤ በሰው ሀገር ጉዳይ እጃችንን አናስገባም» የምትለው ራሷ እትዬ ስንዱ ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን አስለቃሽ ጭስ ሞላው። ጎረቤቱ ሁሉ እየሳለ ሲወጣ እኛ ምንም አልሆንንም፤ ስንት የቀለድንበት የመስኮቱ ጥቅጥቅ ጨርቅ ጭሱን ከለከለው። በሩ ተደበደበ። ዓይናቸው ያበጠ ጎረምሶች ናቸው። እትዬ ስንዱ አንድ ጊዜ አየቻቸውና «ግቡ፣ ተኙ» አለች። አንሶላ አለበሰቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ዱላ የያዘ ወታደር በሩን በረገደው።

«ዳ ሽኑ?» አለ፤ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«በሽተኞች ናቸው» አለች በአረብኛዋ።

«ምን በሽታ?»

«ነፋስ። ይጋባል።»

ወታደሩ የተዘጋውን መስኮት አየ፣ ሙቀቱ ፊቱን መታው፣ አንሶላ ሥር የሚንቀጠቀጡትን አየ። በሩን ራሱ መልሶ ዘጋው። እርምጃው ከራቀ በኋላ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ ግን አልሳቀችም። «አንገታችሁ በፍርሃት ተቆልፏል፤ እንዲህ ሆናችሁ አትወጡም። ደጉ፣ ያላ!» አለችኝ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ሀይሰም ይባላል። በሳምንቱ አንገቷን የምትታመመውን እናቱን ይዞ መጣ፤ ሲት አማልን፤ «ሲት» እንደ እኛ «ወይዘሮ» ነው። ቶብ ከሚሉት የሱዳን ሴቶች ረጅም መከናነቢያዋ ጋር ተኛች፣ ተነሣች፣ እትዬ ስንዱን ጉንጯን ሳመቻት፤ ከዚያ ወዲያ አርብ አልቀረችም። ሀይሰም ደግሞ በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር በተዘጋው መስኮት ላይ ጣቱን እያንኳኳ «ያ ኻልቲ፣ ነፋሱ እንዴት ነው?» ይላል፤ ኻልቲ አክስቴ ማለቱ ነው። እሷም ከውስጥ «አንተን ይፈልግሃል!» ትለዋለች። መንግሥት ሲወድቅ እንደ ሌላው ወጣት ጦር ሠፈሩ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ተቀምጦ ሰነበተ። ወታደሮች ተኩሰው አደባባዩን የበተኑ ዕለት ግን አልተመለሰም። ይህን አሁንም ስጽፈው እጄ ይከብደኛል።

ሲት አማል ለብዙ ጊዜ ጠፋች። አንድ አርብ ተመልሳ መጣችና ምንም ሳትናገር ተኛች። እትዬ ስንዱም ምንም አልጠየቀቻትም። ሥራዋን ሠራች፤ ጊዜው ሲደርስ ዞረች፤ ተመልሳ ጨረሰች።

ቀስ እያለ ከተማው ትንፋሽ አገኘ። ሴቶች ተሰብስበው ሲሠሩ በር የሚያንኳኳ ፖሊስ ቀነሰ። ሲት አማል ቤት መቀመጥ አልቻለችም፤ አል-ጣኢፍ ላይ ሳሎን ልክፈት አለች። ትልቁ ክፍል ለሴቶች፣ ጎን በር ያላት ትንሿ ለወንዶች። ልጆቹን ሁሉ እቀጥራለሁ አለች። ዴም በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። ከዚያ ሲት አማል እንደ ነጋዴ አሰበችና «ግን የቻይና ሕክምና ብዬ ለሰው ስናገር ሸሃዳ ይጠይቁኛል። ሸሃዳ ከሌለሽ ይህ ሥራ እውነተኛ ነው ብሎ የሚመሰክርልኝ ቻይናዊ አምጪ» አለቻት።

እትዬ ስንዱ ነጠላዋን አጣፍታ አል-ማንሺያ ሄደች። ባሽሙሃንዲሱ ገና ካርቱም ነበር። እናቱ ሀገራቸው ከገቡ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ እንዳረፉ በሩ ላይ ነገራት። እሷም እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ውኃ አመጣላት፤ ቀዝቃዛ ስለነበር አልጠጣችውም። መጥቶ ሊመሰክርላት ግን እሺ አለ።

የፈተናው ቀን የአበባ መጋረጃውን ከዴም ነቅላ አል-ጣኢፍ ወሰደችው፤ «ያለ እሱ እጄ አይፈታም» ብላ። ባዶውን ሳሎን በእሱ ከፈልነው። ከወዲያ እትዬ ስንዱ ሲት አማልን ልታሽ፣ ለምለምና ሴቶቹ ግድግዳ ታከው ሊያዩ፤ ከወዲህ እኔ ባሽሙሃንዲሱን። ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ አረብኛውን ከግንበኞች የለመደው በመሆኑ እንደ ግንበኛ ይጮኻል። ተኛልኝ። የእጄን ጀርባ ትከሻው ላይ ሳንከባልል ሰውነቱ አንድ ጊዜ ደነገጠ፤ ከዚያ ለቀቀው።

«የእናቴ እጅ ነው» አለ ፍራሹ ውስጥ ሆኖ። «ወላሂ፣ የእናቴ እጅ ነው።»

ከማዶ ለምለም አፏን ይዛ ስትስቅ ሰማኋት። እትዬ ስንዱ «ዝም! ሥራ ላይ ነን» አለች። ጀርባው አለቀ። እጄን አነሣሁ፤ ዞርኩ፤ መድገም ጀመርኩ።

«ደቂቃ፣ ደቂቃ» አለ ባሽሙሃንዲሱ። ቀና ብሏል። «ዳ ሽኑ? ግድግዳው ላይ ምን አለ?»

ከማዶ እትዬ ስንዱ መለሰችለት። «የእናትህ ጸሎት ነው። በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ ዞራ ትጸልይ ነበር።»

ተነሥቶ ተቀመጠ። «እናቴ ጸልያ አታውቅም» አለ። «ሃይማኖት አልነበራትም። ሳንባዋ ታሞ ነበር። ብዙ ስትሠራ ትንፋሽ ያጥራታል፤ እኔ እንዳላውቅ፣ ታካሚው እንዳያይ ፊቷን አዙራ ነው የምትተነፍሰው። ይህን ነው ያስተማርሻቸው? የእናቴን ድካም?» ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «አውጡት። ያ ይውጣ እንጂ ሌላውን ሁሉ እመሰክራለሁ።»

ከማዶ ለምለም «እትዬ፣ ይውጣ በይው፤ በናትሽ ይውጣ» ብላ ስታንሾካሽክ ሰማሁ። እኔም በልቤ «ይውጣ» እያልኩ ነበር። ሴቶቹ የራሳቸውን በር የሚዘጉት በዚህች አንዲት ቃል ነው፤ መዞር ቢቀር ማን ይሞታል?

«ታማ ነበር?» አለች እትዬ ስንዱ በመጨረሻ። «እና እኔ ከኋላዋ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እል ነበር?»

«ታውቂ ነበር ብላለች እኮ» አለ ባሽሙሃንዲሱ። «ሆስፒታል ተኝታ ስለ አንቺ ታወራ ነበር። 'ያቺ ሐበሺያ ታውቃለች፤ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። እኔ ስዞር እሷም ፊቷን ታዞርልኛለች' አለችኝ። ቤት ውስጥ ያላፈረችው አንቺን ብቻ ነበር።» ይህን ሲናገር ቀስ በቀስ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ለራሱ እንደሚነግር።

«አላወቅሁም!» አለች እትዬ ስንዱ። እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «ባውቅማ መች እዞርላት ነበር? 'አይዞሽ እማማ፣ እኔን፣ እኔን' እያልኩ አቅፋት ነበር። ያን ቀን ሥራዋን ትተወው ነበር። አንድ ነገር አልማርም ነበር።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ሲት አማል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚያ ቦታ ላይ የታመመች ሴት ቆማለች። እኔ አውጥቼ አልጥላትም። ልጆቹን ግን ቅጠሪያቸው፤ እነሱ ያለ መዞር ይሥሩ፣ እኔ ዴም እቀራለሁ።»

ሲት አማል ከተኛችበት አልተነሣችም። ድምፇ አንሶላ ውስጥ ታፍኖ መጣ።

«ከሀይሰም በኋላ ቤቴ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም» አለች። «እህቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ሌሊት እንኳ አጠገቤ የሚተኛ አለ። አላህ ይስጣቸው። ሳለቅስ ሁሉም ያዩኛል፤ ሲያዩኝ ያለቅሳሉ፤ እኔ መልሼ እነሱን አጽናናለሁ። ማንም ሳያየኝ ያለቀስኩት እናንተ ወደ ግድግዳው ስትዞሩ ብቻ ነው። ቂብላም ይሁን፣ ምሥራቅም ይሁን፣ ሳንባም ይሁን አልጠይቅም። ይቆይ። ሁሉም ይዙር። አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ፤ ሳሎኑ ያለ አንቺ አይከፈትም።»

ባሽሙሃንዲሱ መጋረጃውን እያየ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ በሆዱ ተኛ፤ ግንባሩን ክንዱ ላይ አደረገ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች እትዬ ስንዱ፤ ድምፇ ወደ ቦታው ተመልሷል። «የተቋረጠ እጅ አይቀጠልም። ደጉ! ከአንገት ጀምር።»

ከአንገት ጀመርኩ። ትከሻውን ወጣሁ፣ ወገቡን ወረድኩ። ጀርባው ሲያልቅ እጄን አንሥቼ ዞርኩ። ከኋላዬ ሰውየው እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቅ ይሰማኛል፤ ከመጋረጃው ማዶም ሌላ ልቅሶ አለ፤ ምናልባትም ከአንድ በላይ። አቡነ ዘበሰማያቴን ጨረስኩ፤ እትዬ ስንዱ ግን ምልክት አልሰጠችም፤ ደግሜ ጀመርኩ፣ ደግሜ ጨረስኩ። እሷ «በሉ፣ እግር» እስክትል ድረስ ማናችንም ወደ ኋላ አላየንም።